የነጯ መኪና ሽታ

ደብረ ታቦር፣
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ለባለቤቴ ወንድም ለደሞዜ፣
አዳማ።

የእግዚአብሔር ሰላም ካንተ፣ ከብርቱካንና ከልጆቻችሁ ጋር ይሁን። እኔና እኅትህ ጌጤ፣ ከጉልበቷ ሕመም በቀር፣ ምስጋና ለፈጣሪ ይግባውና ደኅና ነን።

አዎን፤ መኪናዋ በሰላም ገብታለች። ያመጣት ሾፌር ታምራት ጨዋ ሰው ነው። ያን ሁሉ የጎጃም ብርድ አራቱንም መስኮት ከፍቶ እንደ መጣ ሲነግረን ጌጤ አዝናለት ትኩስ አጥሚት አጠጣችው። «ምነው ልጄ፣ መስኮቱ አይዘጋም?» ብትለው፣ «ይዘጋል እትዬ፤ እኔ አየር እወዳለሁ» አላት። ቁልፉን አስረክቦኝ፣ ምሳ ብንለው እንቢ ብሎ ሄደ።

በልጃችን በሠናይት ሠርግ ዕለት በድንኳኑ መካከል ተነሥተህ፣ «እናት ሆና ያሳደገችኝ እኅቴ ከእንግዲህ ወንዛዬ የምትሄደው በገዛ መኪናዋ ነው፤ የምነዳትን መኪና ሰጥቻታለሁ» ስትል እንግዳው ሁሉ እንዳጨበጨበ ታስታውሳለህ። እውነቱን ልንገርህ፤ እኔ የድንኳን ቃል ነው ብዬ ነበር። ቃልህን ፈጽመሃልና ስለ ክፉ ሐሳቤ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። እንደምታውቀው ጌጤ የወንዛዬ ፍል ውሃ ለጉልበቷ ይበጃታል፤ እስከ ዛሬ የቀረችው ሚኒባስ ላይ መውጣትና መውረድ ስላልቻለች ነው። አሁን ምክንያት አይኖረንም።

ጎረቤታችን ወይዘሮ አሰለፈች መኪናዋን ዞራ ዞራ አየቻትና፣ «ጌጤ፣ ከእንግዲህ ቆመሽ ሰላም አትይንም ማለት ነው» አለቻት። እኅትህም፣ «በመስኮት እልሻለሁ፤ አንቺ ብቻ ከመንገድ ዞር በይልኝ» ብላ አሳቀችን። የነፍስ አባታችን አባ ሙሉሐብት መጥተው ውስጧንም ውጭዋንም ጠበል ረጭተው ባርከዋታል። ውስጧ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ከመስተዋቱ ሥር የተንጠለጠሉት የሽቶ ካርቶኖች ለአንዲት ትንሽ መኪና የበዙ ቢመስለኝም፣ ያንተ እጅ የሰቀላቸው ስለ ሆኑ አልነካኋቸውም።

ስልክ ለምን እንደማላነሣ ለጠየቅኸው፦ ስልክ ለጥሪ ነው። በስልክ የተባለውን ሁላችንም በየፊናችን እናስታውሰዋለን፤ ደብዳቤ ግን ለሁላችንም አንድ ነው። ከመኪናዋ ጋር የላክኸውን ማስታወሻ እንደ ልማዳችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አባ ሙሉሐብትና አሰለፈች ባሉበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤዋለሁ። ከዚያም በቀይ አርሜ በዚሁ ፖስታ መልሼልሃለሁ። «እንደምናቹ» የሚባል ቃል በአማርኛ የለም።

ውለታህ ያለብኝ፣
ይሻው


አዳማ፣ ጥቅምት 27/2015

ለማከብርዎ ጋሼ ይሻው፣

እንዴት ከረማችሁ? የእታለም ጉልበት እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም አለን።

ቀይ እስክሪብቶዎን ሳየው ስምንተኛ ክፍል የተመለስኩ መሰለኝ። ብርቱካን ፖስታውን ስትቀበል «ልጆች ተደበቁ፣ መምህሩ መጡ!» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው።

መኪናዋን ስለወደዳችኋት ደስ ብሎኛል። ሽቶዎቹን ግን እባክዎ አያውርዷቸው። አሮጌ መኪና ስለሆነች ሽቶ ይስማማታል። ቀን ቀን ፀሐይ ላይ ትቁም፣ መስኮቷም ከፈት ይበል። ወለሏን በውሃ አያሳጥቡ፤ ምንጣፉንም አያስነሡ፣ አንዴ ከተነሣ እንደ ድሮው አይገጥምም።

ታምራት ሌላ የተናገረው ነገር ነበር? ወሬ ይወዳል፤ የሚለውን ሁሉ አይስሙት።

እታለምን ጉልበቷን ሳሙልኝ። የሰጠኋት ከሰጠችኝ አይበልጥም በሏት።

ልጅዎ ደሞዜ


ደብረ ታቦር፣
ኅዳር ፳፬ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ለደሞዜ፣

ሰላምታችን ይድረስህ። የልጅህን ከሕመም መዳን በብርቱካን ስልክ ሰምተን ደስ ብሎናል።

ዛሬ የምጽፍልህ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። መኪናዋ ትሸታለች። ሎሚው እየደከመ ሲሄድ ከሥሩ ሌላ ነገር ተነሣ። መጀመሪያ ጫማዬ መስሎኝ ጫማዬን ወደ ውጭ አወጣሁት፤ ጫማዬ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ሽታው እምክ እምክ ይላል። ማለዳ በሩ ሲከፈት አፍንጫን ይመታል፤ ማሞቂያው ሲከፈት ደግሞ ይብሳል። ጌጤ ገና እግሯን ስታስገባ፣ «ይሄ ውሃ የገባበት የእህል ጉድጓድ ሽታ ነው» አለች። የገበሬ ልጅ ናት፤ የሻገተ ስንዴ ከጉድጓድ ስታወጣ አድጋለች። ጥቂት እንደ ተቀመጠች ሳል ይይዛታል፤ ስትወርድ ይተዋታል።

ሳልደብቅ ልንገርህ። በኅዳር ሚካኤል ጠበል ቀድታ ስትመለስ ቢጫው ጀሪካን ከኋላው ወንበር ላይ ወድቆ ውሃ ፈስሷል። እርሷ፣ «ክዳኑን የሚያርስ ያህል ነው፤ ደግሞም ሽታው ከዚያ በፊት ነበር» ትላለች። እኔ ከዚያ በፊት አልሸተተኝም። እርግጥ ነው፣ አፍንጫዬ እንደ እርሷ አይደለም።

እንግዲህ ቁርጥ ያለ ጥያቄ አቀርብልሃለሁ፦ ይህች መኪና ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት ውሃ ገብቶባት ያውቃልን? መልስህ «አዎን» ወይም «አያውቅም» ይሁን። ገብቶባት ከሆነ አንቀየምህም። ሰው ያለውን ይሰጣል፤ አጥበን አድርቀን እንጠቀምባታለን። የምንሠራውን ማወቅ ስለሚገባን ብቻ ነው። ጾመ ነቢያት ሳይፈታ ወንዛዬ ልወስዳት ቃል ገብቼላታለሁ።

መልስህን የምጠብቅ፣
ይሻው


አዳማ፣ ታኅሣሥ 8/2015

ለጋሼ ይሻው፣

መልሱን ስላዘገየሁ በጣም ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

መልሴ «አያውቅም» ነው። ውሃ ገብቶባት አያውቅም። መኪናዋን ከኔ በላይ የሚያውቃት የለም።

ጠበሉ ነው ጋሼ። ጀሪካኑ ወደቀ ሲሉኝ ወዲያው ገባኝ። ወንበር ላይ የፈሰሰ ውሃ በስፖንጁ ያልፍና ምንጣፉ ሥር ይቀመጣል፤ ላዩ ይደርቃል፣ ሥሩ ይሻግታል። እታለም ክዳን የሚያርስ ትበል እንጂ የወደቀ ጀሪካን በክዳን አይመለስም። እሷ ደግሞ ውሃ ላይ ድሮም ጥንቁቅ አይደለችም። ልጅ ሆኜ ያን ትልቁን እንስራ ደጃፍ ላይ እንዴት እንዳደረገችው አልረሳውም። ግን አይቆጧት፤ አስባ አይደለም።

ለሽታው የሚሆነውን ልንገርዎ። ከሰል በጆንያ አድርገው ከወንበሩ ሥር ያሳድሩ፤ ሽታ ይስባል። ኮምጣጤ በውሃ በጥብጠው ጨርቅ ነክረው ወንበሩን ይጥረጉት። ቤኪንግ ሶዳ ካገኙ ወለሉ ላይ በትነው በማግሥቱ ይጥረጉት። የአየር ማጣሪያውንም ያስለውጡ። ምንጣፉን ማንሣት አያስፈልግም።

ደሞዜ


ደብረ ታቦር፣
ታኅሣሥ ፳፭ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ለደሞዜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ስለ ቁርጥ ያለ መልስህ አመሰግንሃለሁ።

ደብዳቤህን እንደ ወትሮው እሑድ አነበብሁት። ስለ እንስራው ከጻፍኸው ስደርስ አሰለፈች፣ «እኔን! የኛ ሰው እቃ አይበረክትላትም እኮ» ብላ ሳቀች። አባ ሙሉሐብት ጢማቸውን ያሻሹ ነበር። ጌጤ ምስር እየለቀመች ነበር፤ መልቀሟን አላቋረጠችም። አንብቤ ስጨርስ፣ «ደሞዜ ነው የጻፈው?» ብላ ጠየቀችኝ። «የገዛ እጁ ጽሑፍ ነው» አልኋት።

«አይቆጧት» ብለኸኝ ነበር፤ ተቆጥቻለሁ። ያለ ምስክር አልተቆጣሁም፤ መኪናዋን ከማንም በላይ የሚያውቃት፣ የእናቷ ልጅ፣ መስክሮ ነው። ከእንግዲህ በዚህች መኪና ጀሪካን አይጫንም ብዬ ወስኛለሁ።

መድኃኒትህን ሁሉ ሞክረናል። ከሰሉን አሳደርን፤ ከሰሉ ራሱ እምክ እምክ ብሎ ወጣ። በኮምጣጤው ካጠብናት በኋላ ሰላጣ የጫንሁ እየመሰላቸው የሚጠይቁኝ ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ ጌጤ በራሷ ሐሳብ፣ የወተት ቅል እንደሚታጠን፣ በገል ላይ ወይራ አጭሳ በሩን ዘጋችባት። የሠፈራችን ባጃጅ ነጂ አምላኩ ጢሱን አይቶ መኪናው የተቃጠለ መስሎት ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዞ መጣ። እኔ ከቤት እየሮጥሁ፣ «አምላኩ! ደግሞ አንተ ውሃ እንዳታስገባባት!» ብዬ ጮኽሁ። ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። ጌጤ ግን አልሳቀችም። መኪናዋም የታጠነ የእህል ጉድጓድ ሆነች እንጂ ሌላ አልሆነችም።

ወንዛዬን በተመለከተ፦ ሄደን ነበር፤ አልደረስንም። ዓለም በር ስንደርስ ሳሏ ጠንቶባት መተንፈስ አቃታት። መንገድ ዳር አውርጄ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኋት። ትንፋሿ ሲመለስ፣ «ያገማኋት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በእግሬ መሄድ ያለብኝም እኔ ነኝ» አለችኝ። ከዚያ ተመለስን። ጉልበቷ እንዳበጠ ነው።

ለልደት ትመጣለህን? እኅትህ አልጠየቀችኝም፤ የምጠይቅህ እኔ ነኝ።

ይሻው


አዳማ፣ ጥር 14/2015

ለጋሼ ይሻው፣

ለገና ስላልመጣሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈቃድ አልተሰጠኝም።

ሽታ የሚያጠፋ የሚረጭ ነገር በሾፌር ልኬአለሁ፤ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ይንፉበት። ምንጣፉን ግን አሁንም አያስነሡት።

የእንስራውን ነገር ለቀልድ ነበር የጻፍኩት። በሰው ፊት አነበቡት እንዴ?

እታለም ስልኳን አታነሣም። ስንት ጊዜ ደወልኩ። ደኅና ናት? ተቀይማኛለች? እባክዎ በአንድ መስመርም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ደሞዜ


ደብረ ታቦር፣
የካቲት ፮ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ለደሞዜ፣

የጠየቅኸኝን በየተራው እመልሳለሁ።

አዎን፤ በሰው ፊት አነበብሁት። የምትጽፈው ሁሉ በሰው ፊት እንደሚነበብ ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቃለህ።

እኅትህ ስልኳን የማታነሣው ስልኳ እዚህ ቤት ስለ ቀረ ነው። እርሷ ግን እዚህ የለችም። ከልደት በኋላ ጋፋት፣ የአክስታችሁ ልጅ ዝናሽ ቤት ሄዳለች። ቀደም ብዬ ያልጻፍሁልህ ነገሩ በቶሎ ይታረማል ብዬ ነው፤ ደግሞም አፍሬ ነው። አልተጣላንም። አንድ ማለዳ በትሯን አንሥታ፣ «መኪናው እስኪጸዳ እዚያ ልቆይ፤ እዚህ ካለሁ ደግሞ አንድ ነገር አፈሳለሁ» አለችኝ። ላድርስሽ ብላት እንቢ አለች። ባጃጅ ልጥራ ብላትም እንቢ አለች። በዚያ ጉልበቷ በእግሯ ሄደች። ከበሩ ላይ ቆሜ ተመለከትኋት፤ አሰለፈችም ከበሯ ላይ ቆማ ተመለከተቻት።

ባለፈው ቅዳሜ ልመልሳት መኪናዋን ይዤ ጋፋት ወረድሁ። ዝናሽና ባሏ ዓለምነው ብዙ ለመኑልኝ። ጌጤ በመጨረሻ፣ «እገባለሁ፤ ጀሪካኔ ግን አብሮኝ ይገባል» አለች። የአቦን ጠበል ቀድታ አስቀምጣ ኖሯል። ፈቀድሁ። ከኋላ ተቀመጠች፤ ጀሪካኑን ጭኗ ላይ አደረገችው። ከዚያም፣ «ዛሬስ ፈሰሰ የሚለኝ ሰው አይኖርም» ብላ ማንም ነክቶት የማያውቀውን የኋላውን የደኅንነት ቀበቶ ሳበችው። እርሷንም፣ ጋቢዋንም፣ ጀሪካኑንም እንዲዞርላት ነውና እስከ መጨረሻው ሳበችው።

ደሞዜ፣ የቀበቶው መጨረሻ ጭቃ ነበር። ደርቆ የተጋገረ ቡናማ ጭቃ። ከተጠቀለለበት ወጥቶ በነጭ ነጠላዋ ላይ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ሰፊ መሥመር አሠመረባት። አጎንብሳ አየችው። በጣቷ ፈረፈረችው። ከዚያ ቀና ብላ በመስተዋቱ ውስጥ ተመለከተችኝና፣ «አንቱ፣ ይሄም ከኔ ጀሪካን ነው?» አለችኝ።

ቀበቶውን ፈትታ፣ ጀሪካኗን ይዛ ወረደችና ወደ ዝናሽ ቤት ተመለሰች።

ምንጣፉን እንዳላነሣ ደጋግመህ መክረኸኝ ነበር። እኔና ዓለምነው በካቻቪቴ ወንበሮቹን ፈትተን አነሣነው። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ እንደ ረግረግ ነበር። ደቃቅ የወንዝ አሸዋ በየጉድጓዱ ተኝቷል። የመለዋወጫው ጎማ ከሚቀመጥበት የሸንኮራ አገዳ ልጣጭ በእፍኝ አወጣን። እንደምታውቀው በጋፋትም በደብረ ታቦርም ሸንኮራ አይበቅልም። ዓለምነው ጭቃውን በጣቱ እያሸ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ሽምብራ ቢዘሩበት ይይዛል» አለ። ሊያስቀኝ ነው። መሳቅ አልቻልሁም።

አሁን ታምራት በብርድ መስኮት ከፍቶ ለምን እንደ መጣ ገብቶኛል። ወሬ ይወዳል ያልኸው ሰው፣ ካንተ ይልቅ አፍሮ ምሳችንን ሳይበላ የሄደ ሰው ነው።

ኅዳር ላይ የጠየቅሁህን ያንኑ ጥያቄ፣ ቃሉን ሳልለውጥ፣ እደግምልሃለሁ፦ ይህች መኪና ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት ውሃ ገብቶባት ያውቃልን?

ይሻው


አዳማ፣ የካቲት 27/2015

ጋሼ፣

አዎን።

ከሠርጉ በኋላ፣ ነሐሴ ላይ ነው። ሌሊት ጎርፍ ግቢያችን ገባ። ጠዋት ስንነሣ መኪናዋ እስከ ወንበሯ ውሃ ውስጥ ቆማለች። ውሃው ሲወርድ አወጣኋት፣ አሳጠብኳት፣ ሞተሯን አሠራሁት። የቀረውን በሽቶ ሸፈንኩት።

ያን ጊዜ ለናንተ መናገር ነበረብኝ። ግን በድንኳኑ ውስጥ፣ በሰው ሁሉ ፊት ተነሥቼ ሰጥቻታለሁ ብያለሁ። «ጎርፍ በላው» ብል ማን ያምነኛል? ድሮም ሊሰጥ አልነበረም ይሉኛል፤ እርስዎም ይሉኛል። አሉም፤ የድንኳን ቃል መስሎኝ ነበር ብለው ጽፈውልኛል። ደርቃለች ብዬ ራሴን አሳመንኩና ላክኋት።

ይኸ አንዱ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ኅዳር ላይ ሲጠይቁኝ «አዎን» ብዬ ልጽፍ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ቀጥሎ ጀሪካን ወደቀ የሚለውን አነበብኩ። እግዜር መውጫ የከፈተልኝ መሰለኝ። እታለም ትችለዋለች አልኩ። ልጅ ሆኜ ጥፋት ሳጠፋ አባታችን አርጩሜ ይዞ ሲመጣ «እኔ ነኝ» ትል ነበር። ያን እንስራ የሰበርኩት እኔ ነኝ ጋሼ። እሷ ናት የተገረፈችበት። ደብዳቤው ላይ እሷ ሰበረች ብዬ ስጽፍ እንኳ ቅር አላለኝም። ለምጄዋለሁ ማለት ነው።

«እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ ብዬሻለሁ» ማለቴን ያንብቡላት። እንደ ወትሮው ሰው ባለበት ያንብቡላት። አባም አሰለፈችም ይስሙ።

ሽታውስ ለቀቀ? መጠየቅ የማይገባኝን መጠየቄን አውቃለሁ።

ደሞዜ


ደብረ ታቦር፣
ሚያዝያ ፳፫ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ለደሞዜ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። የብርቱካንን የበዓል ሰላምታ አድርሻለሁ፤ ጌጤ ለእርሷና ለልጆቹ መልሳለች።

ሽታው ለቅቋል። እንዴት እንደ ለቀቀ ልጻፍልህ፤ ሌላ ጊዜ ጎርፍ የገባበት ሰው ቢጠይቅህ ሽቶ አትንገረው። መኪናዋን ከዓለምነው ግቢ አላወጣኋትም። ወንበሮቹን፣ ምንጣፉን፣ ስፖንጁን፣ የበሮቹን ልባስ ሳይቀር ገፈን አወጣን። ስፖንጁን አቃጠልነው። ከወለሉ በታች ያሉትን የጎማ ውታፎች ዓለምነው ነቅሎ ውሃውን አፈሰሰው። ብረቱን በሳሙናና በኮምጣጤ ፈገፈግነው፤ ቀበቶዎቹን አውጥተን ዘፈዘፍናቸው። ከዚያ ወንበሮቹን እንደ ነዶ አውድማው ላይ ደርድረን የመጋቢትን ፀሐይ አስመታናቸው። መንገደኛው ሁሉ፣ «ጋሼ ይሻው፣ ዘንድሮ ወንበር ነው የምትወቁት?» እያለ ያልፍ ነበር። የአየር ማስገቢያውንም ቱቦ አውርደን አጠብነው። የሻጋታው ሽታ ሄደና የፀሐይ ብቻ ቀረ። ምንጣፉን አልመለስንም። ወለሏ ባዶ ብረት ነው፤ ሰሌን አንጥፈንበታል።

ይህን ሁሉ በኅዳር ማድረግ እንችል ነበር። የጠየቅሁህም ለዚህ ነበር። የረጠበ መኪና ብትልክልን በረጠበ መኪና ዳገቱ ላይ እየተሳሳቅን እንገፋት ነበር። ለድንኳኑ ቃልህ ያሰብኸውን ያህል ለእኅትህ አላሰብህም፤ ይህ ነው ያልደረቀልኝ። የኔን ድርሻ አልክድም። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችውን ሰው አፍንጫ ትቼ ያንተን የእጅ ጽሑፍ አምኛለሁ። በሆሳዕና ማግሥት ጋፋት ድረስ አባ ሙሉሐብትንና አሰለፈችን ይዤ ሄጄ፣ ስቆጣት በሰሙት ሰዎች ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኋት። አሰለፈች በዚያን ዕለት አልሳቀችም። ጌጤም፣ «ዕቃዬን አውጡልኝ፤ ቤቴ እገባለሁ» አለች። ገብታለች።

ያንተን ደብዳቤ ግን አላነበብሁላትም። ፖስታውን ከፍቼ መነጽሬን ሳደርግ እጇን ወረቀቱ ላይ ጫነችበት። «ያኔ የከሰሰኝን በአንቱ ድምፅ ሰማሁት። ይሄን ደግሞ በአንቱ ድምፅ አልሰማም። የጻፈው መጥቶ ራሱ ያንብበው፤ አባም አሰለፈችም በተቀመጡበት» አለች። ስለዚህ ደብዳቤህን በዚሁ ፖስታ መልሼልሃለሁ። ገልብጠህ ብታየው ቀይ ቀለም አታገኝበትም። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላረምሁም። ማረም ያለብህ አንተ ነህ፤ ማንበብ ያለብህም አንተ ነህ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንሰበሰባለን። የትኛው እሑድ እንደ ሆነ አንተ ታውቃለህ። ነጠላዋን አላጠበችውም፤ በበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

ወንዛዬን ባለፈው ሐሙስ ደርሰን መጣን። ከፊት፣ ከጎኔ ተቀመጠች። ዓለም በርን ስናልፍ ወደዚያ ድንጋይ ተመለከተች እንጂ አልሳለችም። ፍል ውሃው ውስጥ ጉልበቷን ዘርግታ ብዙ ቆየች፤ ስትወጣ በትሯን እኔ ያዝሁላት። ለአሰለፈች የሚሆን ውሃ ቢጫው ጀሪካን ሞልታ፣ ሳትጠይቀኝ፣ እግሯ ሥር አስቀመጠችው።

ስንመለስ ከሐሙሲት ወዲህ፣ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ፣ የጀሪካኑን ክዳን ከፈተች። ውሃው ገና ለብ እንዳለ ነበር። ሰሌኑን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ ጎንበስ አለችና በባዶው ብረት ላይ አፈሰሰችው። ክዳን የሚያርስ ያህል አይደለም፤ ጫማዬ እስኪርስ ድረስ ነው። ዓለምነው ውታፎቹን መልሶ ስላልደፈናቸው ውሃው በቀዳዳዎቹ እየተንቆረቆረ አስፋልቱ ላይ ወረደ። ፍሬን ይዤ ቆምሁ።

ክዳኑን መልሳ አጥብቃ ዘጋችው።

«ይሄን ያፈሰስሁት እኔ ነኝ» አለች። «ለደሞዜ ጻፉለት።»

ጽፌልሃለሁ።

ይሻው